ቄብ ናቸው ተብለው ስለተሰጡን አምስት ባልቴቶች

ለተከበሩ የጓሮ ዶሮ እርባታ ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም በዶሮዎቹ ርክክብ ዕለት አንድ ሰዓት ከሩብ ያለ ዕረፍት ያገለገለው ጉሮሮዎ እንደምን ሰነበተ? እኔ ከእርጅናዬና አልፎ አልፎ ሥራ ከሚያቆመው ቀኝ ጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬም ቢሆን ሥራ የሚያቆመው ድምፅ ማጉያ ሲከፈት ብቻ ስለሆነ አልተቀየምኩትም።

በመቀጠል ለእርስዎና ለሕዝብ በሙሉ የሚከተለውን ዜና በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ባለፈው ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ከሰጠን አምስት ዶሮዎች መካከል ቡናማዋ እንቁላል እንድትጥልበት ወደተዘጋጀላት ሳጥን ገብታ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ፣ በዚህም ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ አንገቷን አውጥታ አካባቢውን ከገመገመች በኋላ፣ ምንም ሳትጥል በሰላም ወጥታለች። ጉዳዩን በሚመለከት ከዶሮዋ የተሰጠ መግለጫ የለም። ሆኖም አገባቧም፣ አቀማመጧም፣ ባዶ እጇን አወጣጧም የታላላቅ ሰዎችን ስብሰባ ስለሚመስል ለእርስዎ ሳላሳውቅ ማለፍ ነውር ነው ብዬ አሰብኩ።

ማን እንደሆንኩ ለማጣራት ሰው እንዳይልኩ (የሚልኩት ሰው ቅጽ ይዞ ስለሚመጣ) እኔው ልንገርዎ። በአንድ ትልቅ የዶሮ እርባታ ሠላሳ አንድ ዓመት መራጭ ሆኜ ሠርቻለሁ። መራጭ ማለት ዶሮን ብብቱ ሥር ይዞ፣ ይህቺ ልትጥል ነው፣ ይህቺ ገና ናት፣ ይህቺ ደግሞ ጨርሳለች ብሎ የሚለይ ሰው ነው። ከጅራቷ በታች ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች አሉ። በመካከላቸው አንድ ጣት ብቻ ከገባ ገና ልጅ ናት፤ ሁለት ጣት ከገባ ሳጥኗን አዘጋጁላት ማለት ነው። በዚህም ምክንያት የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ “አባባ ሁለት ጣት” ይለኛል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች “ሰው ከሥራው ክብር ይዞ ይመጣል፣ አንተ ከዶሮ ቂጥ ስም ይዘህ መጣህ” ትለኝ ነበር።

በርክክቡ ዕለት ስሟ አራተኛ ላይ የተጠራው እማወራ ልጄ ናት። በክር ፋብሪካ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ልጇን ይዛ ወደ እኔ ቤት ተመለሰች። ከእርስዎ የምለምነው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም “በቸልተኝነት ዶሮዎቻቸውን ያመከኑ” ከሚል ርዕስ ሥር፣ በራችሁ ላይ በቆመው ሰሌዳ የለጠፋችሁትን የልጄን ስም እንዲያነሡልኝ ነው። ለዚህ ያበቃንን መንገድ ግን በየተራው ላስታውስዎ ይፍቀዱልኝ። እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ ረስተውት ይሆናል፤ እኛ ሥራ ስለፈታን አልረሳነውም።

አንደኛ፤ ስለ ገመዱ አመሰግናለሁ። ዶሮዎቹን በጽሕፈት ቤቱ ግቢ በሳጥን ደርድራችሁ፣ በእኛና በእነሱ መካከል ገመድ ወጥራችሁ፣ በገመዱም ላይ “ተረካቢ ዶሮ መንካት በጥብቅ የተከለከለ ነው” የሚል ወረቀት ማንጠልጠላችሁ በሽታ እንዳይተላለፍ ታስቦ እንደሆነ ተነግሮናል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከማን ይገኛል? በሽታው ከእኛ ወደ ዶሮዎቹ የሚሄድ ይሁን ከዶሮዎቹ ወደ እኛ የሚመጣ ግን አልተብራራልንም፤ በተለይ ንግግርዎ እንዳለቀ እነዚያኑ ዶሮዎች አቅፈን ወደ ቤታችን ስለሄድን። ምናልባት በሽታው ንግግሩ ሲያልቅ የሚያልፍ ዓይነት ይሆናል። ብቻ ሠላሳ አንድ ዓመት ዶሮ የዳሰሰ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ዶሮ በዓይን ብቻ እንዴት እንደሚመረጥ ከእናንተ ለመማር በቃሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ አመራረጡ። የተሰጡን “እንቁላል ሊጥሉ የተቃረቡ፣ የአሥራ ስድስት ሳምንት ቄቦች” ናቸው ተባለ። ሐሳቡ ሸጋ ነው። ጫጩት ብትሰጡን ግማሹ ይሞትብን ነበር፤ ያደገች ቄብ ግን ቤቷን ለምዳ፣ መኖዋን አውቃ፣ በወር በሁለት ወር ውስጥ እንቁላሏን ትጀምራለች። ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ። የመረጠው ኮሚቴ ግን ከኮሚቴ በቀር ማንም ሊያስበው የማይችል ዘዴ ተጠቅሟል። መመሪያው አንዲት ቄብ ከተወሰነ ክብደት ማነስ የለባትም ስለሚል፣ ኮሚቴው “እንግዲያው የከበደች ይበልጥ የደረሰች ናት” ብሎ ሚዛን ላይ ከባድ ከባዶቹን ለየ። ከእነሱም መካከል አዲስ ላባ ያላቸውንና አናታቸው ላይ ያለው ሥጋ ትንሽ የሆነውን መረጠ፤ አዲስ ላባ የወጣትነት፣ ትንሽ ሥጋ የልጅነት ምልክት ነው በሚል። ይህን በሐሜት አልሰማሁትም፤ የኮሚቴው ጸሐፊ ራሳቸው በኩራት አንብበውልናል።

ክቡር ሆይ፣ ከባድ ሆና፣ ላባዋ አዲስ ሆኖ፣ አናቷ የጠወለገ ዶሮ በዓለም ላይ አንድ ዓይነት ብቻ ናት። እሷም ዓመታት ጥላ ጥላ የደከማት፣ አሮጌ ላባዋን አራግፋ አዲስ ያበቀለች፣ እንቁላል ካቆመች የቆየች ባልቴት ናት። አዲስ ቀሚስ የገዛች አያት አይታችሁ ለጋብቻ እንደመጠየቅ ነው። ልትጥል ሁለት ሦስት ሳምንት የቀራት ቄብ እንዲህ አይደለችም። ሰውነቷ ቀለል ይላል፤ የአናቷ ሥጋ ከሐመር ወደ ቀይ መዞር ይጀምራል፤ ዓይኗ አያርፍም፤ ሳጥን ለሳጥን እየዞረች ቤት ታማርጣለች። እጅዎን ጀርባዋ ላይ ቢያሳርፉ ክንፏን ከፈት አድርጋ ዝቅ ትላለች። እግሯ ደግሞ ልሙጥ ነው፣ እንደ ሕፃን ጥፍር ያብረቀርቃል። የእናንተዎቹ እግር ግን እንደ አሮጌ ግንድ ቅርፊት ተነሥቷል፤ ከበስተኋላውም እንደ ስንዴ ፍሬ ያለ ጥፍር ብቅ ብሏል። ላባ ይለወጣል፤ እግር አይለወጥም። እግር ደግሞ ከገመድ ወዲህም ሆነው በሳጥኑ ርብራብ መካከል ይታያል።

በዕለቱም ዝም አላልኩም። እጄን አውጥቼ “ክቡራን፣ እነዚህ ቄብ አይደሉም፤ እግራቸውን እዩልኝ፤ እነዚህ ከእኔ ጋር ጡረታ የወጡ ናቸው” ብል፣ ባለሙያችሁ “አባባ፣ ዘመኑ ተለውጧል፣ ቁጭ ይበሉ” አሉኝ፤ ሕዝቡም ሳቀ። ቁጭ እንድል ወንበር ባይኖርም ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ እንግዶቹ አቀባበል። ልጄ የስፌት መኪናዋን ከጓሮዋ ክፍል አውጥታ አልጋዬ ሥር አስገባችና ክፍሉን ለዶሮዎቹ ለቀቀች። ገለባ አነጠፈች። መስኮቱ ነፋስ ያስገባል ብላ የራሷን መጋረጃ ሰቀለችበት። ውሃቸውን አፍልታ፣ አቀዝቅዛ ታጠጣቸው ነበር፤ እኛ ግን ከቧንቧ እንደመጣ እንጠጣለን። አንድ ቀን ለእኔም ይፈላልኝ ብላት “አባዬ፣ አንተ እንቁላል አትጥልም” አለችኝ። አሁን ሳስበው በዚያ ረገድ ከአምስቱ ጋር እኩል ነበርኩ።

የልጅ ልጄም ለሁሉም ስም አወጣች። ከሁሉ ወፍራሟን፣ ከፍ ያለ ቦታ ካልሆነ የማትቀመጠውን፣ ሌሎቹ ሲበሉ መሀል ገብታ የምትጮኸውን “ክቡር ኃላፊ” አለቻት። እኔ ይህን ስሰማ ልጅቷን በጣም ተቆጥቻታለሁ፤ ዶሮዋ ሴት ስለሆነች “ክብርት” መባል ነበረባት።

ልጄ በየማለዳው እጇን በገለባው ውስጥ ሰድዳ ትፈልጋለች። ባዶውን ታወጣና፣ ገለባውን ከጣቷ እያራገፈች፣ “አባዬ፣ ዛሬም የለም” ትለኛለች። እኔም “ታገሺ፣ የሚመጣው ሳምንት ነው” እላታለሁ። እንዲህ እየተባባልን አሥር ሳምንት አለፈ። በአምስተኛው ሳምንት ላይ፣ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭታ ከመኖው ጋር የምትሰጣቸው ስለሆነ፣ ቅርፊቱን ከየት ታገኛለሽ ብዬ ጠየቅኋት። ከጎረቤት ለምና ነው። እንቁላል እንዲጥሉልን የሌላ ሰው ዶሮ የጣለችውን ቅርፊት እንለምን ነበር ማለት ነው።

አራተኛ፤ ስለ ተቆጣጣሪዎ። በአሥረኛው ሳምንት ቅጽ የያዙ አንድ ትሁት ሰው መጡ። ከጓሮ በራችን እስከ ዶሮዎቹ ክፍል አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ እሳቸው ስድስቱን ተራምደው፣ ጫማቸውን አይተው፣ እዚያው ቆሙ። “በቀን ስንት እንቁላል?” አሉ። ልጄ “ምንም” አለች። ቅጻቸው ላይ ዶሮ የማይጥልበት ምክንያት ተብለው የታተሙ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ የመኖ እጥረት፣ የውሃ እጥረት፣ የአርቢው ቸልተኝነት። ከስድስት እርምጃ ርቀት አንገታቸውን አስግገው አዩ። መኖው ሙሉ ነው፤ አንደኛውን ሰረዙ። ውሃው ሙሉ ነው፤ ሁለተኛውን ሰረዙ። ከዚያ በኋላ የቀረው ላይ ምልክት አደረጉ።

አየኋት ልጄን። ምነው መኖውን ግማሽ አድርጋው ቢሆን ኖሮ ብዬ እስክመኝ ድረስ አየኋት። እሷ ግን በትሕትና “እባክዎ አንዷን አንሥተው ይዩልኝ፣ ምን እንደሆነች ይንገሩኝ” አለቻቸው። “እኔ የመረጃ ሠራተኛ ነኝ እኅቴ፣ ዶሮ አልነካም” አሏት። እንግዲህ እኛ እንዳንነካ በገመድ ተከለከልን፤ ኮሚቴው በሚዛን መረጠ፤ ተቆጣጣሪው በዓይን መረመሩ። ከዶሮ አቅራቢው ግቢ እስከ ሰሌዳችሁ ድረስ በዚህ ሁሉ ትልቅ ሥራ ውስጥ አንዲት ዶሮ ሆዷን ዳስሶ የመረመረ የመንግሥት እጅ አልነበረም። ስለ ንጽሕናችሁ እናመሰግናለን።

አምስተኛ፤ ስለ ሰሌዳው። በማግስቱ የልጄ ስም ከነአባቷ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ሦስተኛ ተራ ላይ ተለጠፈ። ከሰሌዳው ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ማንበብ ይወዳል፤ ደንበኛው ጭንቅላቱን ማዞር ስለማይችልም ያነበበውን ሁሉ ለመስማት ይገደዳል። እኔ ራሴ እዚያ ወንበር ላይ፣ ሳሙና ጉንጬ ላይ ሆኖ፣ የገዛ ልጄ ስም ሲነበብ ሰምቻለሁ። ሰውየው የማን ልጅ እንደሆነች ሲያስታውስ ማንበቡን አቋርጦ ምላጩን ከጉንጬ ላይ አነሣ። “ቀጥል፣ ገና አራተኛው አለ” አልኩት።

ይህ ብቻ ቢሆን እኛ ወሬ የለመድን ሰዎች ነን፣ ያልፋል እንል ነበር። ግን ልጄ በሕፃናት ማቆያው ሞግዚት ለመሆን አመልክታ፣ ፈተናውን አልፋ፣ “ከሚመጣው ወር ትጀምሪያለሽ” ተብላ ነበር። የማቆያዋ ኃላፊ ደግ ሴት ናቸው፤ ነገር ግን ሰሌዳውን ያነበቡ ወላጆች መጥተው “አምስት ዶሮ መጠበቅ ያቃታት ሃያ ሕፃን ልትጠብቅልን ነው?” አሏቸው። ምን ይመልሱ? “ስምሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ከዚያ ሰሌዳ ላይ ከተነሣ ቦታሽ አለ፤ ካልተነሣ ግን ሌላ ሰው እንድወስድ እገደዳለሁ” አሏት። ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ልጄ አሁን ገበያ የምትሄደው በኋላ በር ነው። ሰው ሰላም ሲላት ቀድማ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ምን አጠፋሁ ብላ እንደሆነ እሷም አታውቅም። ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ ሁለት ጊዜ ሄዳ “ቅሬታ የሚሰማው ዶሮ በተሰጠ በስምንት ሳምንት ውስጥ ነው” ተብላ ተመልሳለች። ተቆጣጣሪው የመጡት በአሥረኛው መሆኑን ብትነግራቸው “እንግዲያው ቀደም ብለሽ መምጣት ነበረብሽ” አሏት። ይህ መልስ በጣም ስላማረኝ በልቤ ይዤዋለሁ።

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይላሉ የድሮ ሰዎች። ዶሮዋ እኛ መሆናችንን፣ መጫኛውም ያ የወጠራችሁት ገመድ መሆኑን ዘግይቶ ገባኝ።

ስድስተኛ፤ ዶሮዎቹ በራሳቸው በኩል ቅሬታ የላቸውም። በዕድሜያቸው የሚገባቸውን ሁሉ ጥለው ጨርሰዋል። ጡረታ ወጥተው መጋረጃ የተሰቀለለት ክፍል ያገኙ፣ የፈላ ውሃ የሚጠጡ፣ በዚህ አካባቢ እነሱ ብቻ ናቸው። እኔም ለዚህ ደረጃ አልበቃሁም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጊዜዎን አላባክንብዎ። ማስረጃ ከፈለጉ ዶሮዎቹ አሉ፤ ቢመጡ አሥራ ሁለቱንም እርምጃ አብረን እንራመዳለን፤ መንካት ካልፈለጉ እኔ ይዤልዎ ሁለቱን አጥንቶች ያያሉ። አዲስ ዶሮ አንጠይቅም። ካሣ አንጠይቅም። የኮሚቴው ሚዛንም ለኮሚቴው ይሁንለት። አንዲት ሴት ያላጠፋችው ጥፋት ከሰሌዳ ላይ እንዲነሣላት ብቻ ነው የምንለው፤ አንድ ወረቀት መንቀል ነው፤ ለዚህ ደግሞ መሰላል እንኳ አያስፈልግም፣ ዝቅ አድርጋችሁ ነው የለጠፋችሁት፣ ሁሉም እንዲያነበው።

ስለ ሰጡን ትምህርት፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ሦስቱ ምክንያቶች፣ በተለይም አራተኛ ምክንያት እንዳይኖር ስላደረጉት ጥንቃቄ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ ሰሌዳዎም ዝናብ እንዳያገኘው እመኛለሁ።

የዘወትር አክባሪዎ፣ በጡረታ ላይ ያለሁ የዶሮ መራጭ፣ የአንድ ሴት ልጅ አባትና የአንዲት ባለጌ ልጅ አያት፣
አባባ ሁለት ጣት

ግልባጭ፤
ለኮሚቴው ጸሐፊ፣
ለሕፃናት ማቆያዋ ኃላፊ፣
ለፀጉር አስተካካዩ፣ ጮክ ብሎ እንዲያነበው።

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ደብዳቤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሰሌዳችሁ ላይ፣ ከልጄ ስም አጠገብ፣ በራሴ እጅ እለጥፈዋለሁ። ስለዚህ እርስዎ ስሕተት ፈልገው ሳያገኙ በፊት እኔው ልናዘዝ፤ አንድ ነገር ፈጥሬበታለሁ። ባለሙያችሁ “አባባ፣ ቁጭ ይበሉ” አላሉኝም። ሕዝቡም አልሳቀም። እኔ እጄን አላወጣሁም። እግሮቹን አይቻለሁ፤ አፌንም ከፍቼ ነበር። በዚህ መካከል ልጄ ሳጥኑን ተረክባ ወደ እኔ ዞረች። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ጥርሷን አይቼ አላውቅም ነበር። “አባዬ፣ እንዴት ናቸው?” አለችኝ። “ቄብ ናቸው፣ ልጄ” አልኳት። አሮጊት ዶሮም አልፎ አልፎ ላባዋን ቀይራ ስትጨርስ ትጥላለች፤ በዚያች ተስፋ ነው አሥር ሳምንት ሙሉ ገለባ ያስፈተሽኳት።

ስለዚህ የእሷን ስም ሲያነሡ ቦታው ባዶ እንዳይቀር የእኔን ይጻፉበት፤ እኔ እያወቅሁ ዝም ያልኩ ነኝ። ከእኔ በታች ሳያውቅ አንድ ሰዓት ከሩብ ለተናገረ ሰው የሚሆን አንድ መስመር ቢተዉ ደግሞ ዝርዝሩ የተሟላ ይሆናል። ልጄም ይህን የምታውቀው እንደማንኛውም መንገደኛ እዚያው ቆማ ስታነበው ነው። ፊት ለፊት ልነግራት ሦስት ቀን ሞክሬ አልሆነልኝም።